ጎርፍ ያልነካት መታጠፊያ

ሩፓ ዶማዋን እንደተሸከመች ቀጥ ብላ ቆመች። ጓደኞቿን ከካትማንዱ ይዛ የመጣችው ክረምቱ ንዶታል ያለችውን የብስክሌት መንገድ በነጻ ልትጠግን ነበር፤ ከመታጠፊያው ግን አንዲት ድንጋይ እንኳ ንቅንቅ አላለችም።

«እማማ፣ ጎርፉን ማን መለሰው?» አለቻቸው ማጭድ ይዘው የቆሙትን አሮጊት። መንገዱ ሲጀመር «ብስክሌታችሁ ገደል ይግባ!» ብለው ያባረሯቸው እሳቸው ነበሩ።

«እኔ ነኛ! ወደ ሩዝ እርከኔ ለቀቅኩት።»

ሩፓ ቁልቁል አየች። የእርከኑ ካብ ፈርሷል፤ ሩዙን ደለል ውጦታል።

«ምነው እማማ፣ ለብስክሌት ብለው?»

«የምን ብስክሌት! አምና ምራቴን ምጥ ሲይዛት በቃሬዛ ያወረዳችኋት በዚህ መንገድ አይደል? ልጁ ይኸው ድክ ድክ ይላል።»

ሩፓ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «መንገዱ ይቆየን» አለችና ወደ ፈረሰው ካብ ወርዳ የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሳች።