የክንፉ ክርክር

የልጅ ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሁለት ሽማግሌዎች ደብረ ዘይት ቤቴ ድረስ መጡ። ልጁን ስላልወደድኩት «አልሰጥም» ልላቸው ተዘጋጅቻለሁ። ልጅቷ ደግሞ ትወደዋለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትጸልያለች።

ገና እንደቆሙ «የመጣንበት ጉዳይ...» ሲሉ ተዋጊ ጄት በጣሪያዬ ላይ አለፈ። ጉዳያቸውን ትተው ወደ በረንዳ ሮጡ።

«የዚህ ጄት ክንፍ በካርቦን ፋይበር ቢቀየር የት በደረሰ» አለ የልጁ አጎት ውብሸት።

«ካርቦን ለዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይሁንህ፤ ክንፍ በቲታኒየም ብረት ነው እንጂ» አለ ጓደኛው ገዝሙ።

«ወንድሜ፣ ቲታኒየም ይከብዳል።»

«የሚከብደውስ ያንተ ወሬ ነው።»

ሞተሩን ቀየሩ፣ ራዳሩን ቀየሩ፤ ልጄን ያስታወሳት የለም። በመጨረሻ «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ። ፊደል ባልቆጥርም ፍርድ አልፈራም። ካርቦኑንም ቲታኒየሙንም አላውቅም፤ ብቻ ክርክሩን ጨርሰው እንቢታዬን እንዲሰሙ ብዬ «ቲታኒየም» አልኩ።

ውብሸት ባርኔጣውን አነሣ። «እንዲህ ከሚያስብ ቤት ልጅ አንወስድም» ብሎ ወጣ።

እኔ ሳልከለክለው እሱ ከለከለኝ። የእኔን ልጅ? ማን ሆኖ ነው?

በማግስቱ እኔው ሽማግሌ ላክሁበት፤ «ካርቦን ነው ብላለች በሉልኝ» ብዬ።