ከመጋረጃው ወዲህ ያለው ቢሮ

እስቲ ወንበር ሳቡ፤ ጊዜያችሁን የማያስቆጭ ጨዋታ አለ።

አስቀድሞ ሕጉን ማወቅ ነው፣ አለዚያ አያስቅም። የኢንሹራንስ ወኪል ፈቃዱ እንዲታደስለት ደንበኛ የሚስተናገድበት ቢሮ፣ በር ላይ የተሰቀለ ምልክትና የሚቆለፍ የፋይል ቁም ሣጥን ሊኖረው ይገባል። ቢሮው ደግሞ ሰው የሚኖርበት ቤት መሆን የለበትም። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ወኪላችን ፋይሎቹን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል፤ ቢሮው ግን ሳሎኑ ነው።

ዛሬ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተብሏል። ፈቃዱ ከተሰረዘ የቤተሰቡ ጉሮሮ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ገና በማለዳ ሶፋውን ወደ ጓዳ ገፉ፤ አልጋውንም፣ ከነአማትየው፣ በመጋረጃ ጋረዱት።

«ደንበኛ የሌለው ምን ቢሮ ነው?» አለች ሚስት። ወጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ ምልክቱን የምታነብ አንዲት ሴትዮ ክንዷን ይዛ ተመለሰች።

«እትዬ፣ ቢቸግረኝ ነው። ተቆጣጣሪው እስኪሄድ ደንበኛ ይሁኑልን። መጋረጃውን ብቻ እንዳይነኩ፤ እናቴ ተኝታለች» አለቻት።

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተቀመጠች። «ደንበኛ ከሆንኩማ አንድ ፋይል ልይ እንጂ።»

«ይቅርታ፣ የሰው ፋይል ለሰው አይታይም» አለ ወኪሉ።

«ኧረ ተዋቸው፣ የደንበኛነቱን ጨዋታ ይዘውት ነው» አለች ሚስት።

ወዲያው ከረባት ያሰረ ሰውዬ ገባ። ቁም ሣጥኑን ዳበሰ፣ ቁልፉን ሞከረ፣ አንጋጦ ጣሪያውን አየ።

«ውሃ አያስገባም?»

«በፍጹም፣ ጌታዬ» አለ ወኪሉ።

ከመጋረጃው ጀርባ ማንኮራፋት ተሰማ።

«ምንድነው እሱ?»

«ማተሚያ ማሽኑ ነው» አለች ሚስት።

ማተሚያው ተገላበጠና «ቁርስ የለም እንዴ ዛሬ?» አለ።

ሴትዮዋ ሳል አስመስላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ወኪሉ እጁን ሰጠ። «በቃ ጌታዬ፣ ፈቃዴን ይውሰዱት።»

«የምን ፈቃድ?» ሰውዬው ግራ ገባው። «የድሮው ወኪሌ ሰነዶቼን ዝናብ አስበላብኝ። ለሱቄ እዚህ ኢንሹራንስ ልግባ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ባልና ሚስት ተያይተው በሳቅ ፈነዱ። ወኪሉ ቅጹን ሞላ፣ አስፈረመ፣ ቅጂውን ሰጥቶ ዋናውን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈ። ሰውዬው ደስ ብሎት ወጣ።

«እትዬ፣ አስቸገርንዎ» አለች ሚስት። «ተቆጣጣሪውም ቀረ፣ እርስዎም ይሂዱ።»

«እሱን አስተናግዳችሁ ከጨረሳችሁ» አለች ሴትዮዋ፣ መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች፣ «ወደ እኔ ፍተሻ እንመለስ።»