ቅልቅሉ የሰው ነው

የማር ጠጅና የስኳር ጠጅ አንድ በርሜል ውስጥ ቢገናኙ፣ ማን ማንን ያሸንፋል ትላላችሁ?

የሙሽራዋ እናት አስናቀች መልሱን ከሙሽራው ቤት ጓዳ ቆማ እያየችው ነው። ከብቸና እስከ ሞጣ መንገዱ እንዳይንጠው ብላ ጄሪካኖቹን በጋቢ ጠቅልላ በአይሱዙ ያመጣችው የማር ጠጇ የለም። የሙሽራው አጎት ደምለው ከእነሱ ወገን የስኳር ጠጅ ጋር አንድ ላይ ገልብጦታል።

«ምን አጠፋሁ፣ እትዬ?» ይላል እየሳቀ። «ዛሬኮ ቅልቅል ነው! ቤተ ዘመዱ ሲቀላቀል ጠጁስ ቢዛመድ?»

«ቅልቅሉ የሰው ነው፣ አያ ደምለው! ሰው ቢቀላቀል ይወልዳል። ይሄ ምን ሊወልድ ነው? ራስ ምታት?»

«ኧረ ተዪው፤ ሰው አይለየውም።»

አይለየውም! በአስናቀች ቤት ስኳር ከሻይ አልፎ አያውቅም። እናቷ ማር በጠፋበት ዓመት እንግዳ ውሃ አጠጥታ ሸኘች እንጂ ጠጇን በስኳር አልጣለችም። ብቸና ላይ ድግስ ያለው ሁሉ «ጠጁን ለአስናቀች» የሚለው ለዚህ ነው።

ደምለውን ትታ ወደ ድንኳኑ ስትሮጥ ጠጁ ቀድሟታል። ከብቸና አብረዋት የመጡት የቅኔ መምህሩ መርጌታ ሀብተ ሥላሴ አንዴ ቀምሰው ብርሌውን ወደ ብርሃን ያነሡታል።

«አስናቀች ልጄ፣ ንቦችሽ ስኳር ፋብሪካ ተቀጠሩ እንዴ?»

የሞጣ ወገን በሣቅ ያወካል። የብቸና ወገን አንገቱን ይደፋል።

አስናቀች ወደ ዘፋኙ ስታመራ ሙሽራዋ ልጇ እስከዳር ቀሚሷን ትይዛታለች።

«እማዬ፣ በሞቴ! ሠርጌን አታበላሺብኝ።»

«ሠርግሽ ስለሆነ ነው። ዛሬ ጠጄን ሲበርዙት ዝም ካልሁ፣ ነገ አንቺን ሲንቁሽ በየትኛው አፌ ልናገር?»

ቀሚሷን ታስለቅቃለች። ከዘፋኙ እጅ ማይክራፎኑን ስትወስድ ሙዚቃው ይቆማል። ደምለው ማንቆርቆሪያ እንደያዘ ከጓዳው በር ብቅ ይላል።

አስናቀች የመርጌታን ብርሌ ከፍ ታደርጋለች።

«አያ ደምለው! ጓዳ ውስጥ ‹ሰው አይለየውም› ብለውኝ ነበር። ይኸው፣ መርጌታ ለዩት። አሁን የሁለታችን ዘመድ ባለበት፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይንገሩን፤ በዚህ ብርሌ ውስጥ ያለው ስኳር ከማን ቤት ወጣ?»