ቀኝና ግራው እኩል ነው

ዛሬም ሣሩ በቀኝ ተላጭቶ በግራ ጎፍሯል።

ባለሜትሩ ከማጨጃው መኪና ወንበር ላይ ሳይወርድ ዞር ብሎ አየውና ደሙ ፈላ። በእያንዳንዱ መስመር፣ አንዱ ጠርዝ አፈሩ እስኪታይ ተግጧል፤ ሌላው ጠርዝ እንደ ሰነፍ ተማሪ ፀጉር ቆሟል። ይሄ የሣር አጨዳ ነው? ስድብ እንጂ!

ባለሜትሩ ያሉት ሜትር ከኪሱ ስለማይለይ ነው። የሆቴሉን ሣር ጠዋት ያጭዳል፤ ቀኑን በዚያው መኪና አፈርና ችግኝ ሲያመላልስ ይውላል፤ አመሻሽ ላይ መኪናውን መጋዘን ያስገባና ይንበረከካል። ቢላውን የሸፈነው ሰፊ ክዳን ከወለሉ ምን ያህል ከፍ እንዳለ በቀኝም በግራም ይለካል። ካልተካከለ ብሎኑን አጥብቆ ወይም አላልቶ ያስተካክለዋል። ትናንትም ለክቶ ነበር። ቀኝና ግራው እኩል ነው።

ታዲያ ሌሊቱን የሚነካበት ሰው አለ። ማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው እሱና የሌሊቱ ዘበኛ ዘንድ ብቻ ነው።

ዘበኛው የሚስቱ ወንድም ነው። ሁለቱ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ከርመዋል። በባለሜትሩ ልጅ ምርቃት ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ዘበኛው ብድግ ብሎ «እህቴን የዳርናት እኮ ለበግ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከሣር ላይ አይነሳም!» አለና ቤቱን በሳቅ አፈነዳው። ባለሜትሩም «ከኳስ ነፊ በግ ይሻላል» ብሎ መለሰለት። ዘበኛው በአሮጌ ብስክሌቱ ባለፈ ቁጥር የሰፈር ልጆች እያስቆሙ ኳስ ያስነፉታል። በዚህኛው ግን ማንም አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ረቡዕ ዕለት ሥራ አስኪያጇ ሣሩ ላይ ቆመች።

«ቅዳሜ ድግስ አለብን። እንግዶቹ የሚቀመጡት እዚህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እንዲህ ሆኖ ካገኘሁት፣ መኪናውን ሌላ ሰው ይነዳዋል።»

«እትዬ፣ መኪናው ጤነኛ ነው። የታመመው ሰው ነው።»

«ሰበብ አልፈልግም።»

በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል? ወገቡም ከድቶታል። አመሻሽ ላይ መኪናውን ወደ መጋዘን ሲነዳ ሰውነቱ ወደ ግራ ያጋድላል፤ ግራ ዳሌውን ይወጋዋል። እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ቀስ ብላ ጀመረች።

«ወንድሜ አንድ ነገር ንገሪው ብሎኝ ነበር። ስለዚያ ስለ መኪናህ…»

«የሱን ስም በዚህ ቤት አታንሺ!»

«ኧረ ስማኝ እንጂ…»

«አጥፍቶ ደግሞ ሊመክረኝ? ሄዶ ኳሱን ይንፋ!»

«እኔ በጉ አንድ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሁለት ናችሁ» አለችና ጓዳ ገባች።

በዚያው ዕለት ብሎኑ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጎበት ነበር። ሐሙስ ጠዋት ቀለሙ ንቅንቅ አላለም፤ ሣሩ ግን እንደገና በቀኝ ተላጨ። አመሻሽ ላይ ለካ። ቀኝና ግራው እኩል ነው። ባለሜትሩን የተንኮሉ ጥልቀት አስደነገጠው። ነክቶ ያበላሸዋል፣ መልሶ ያስተካክለዋል፣ ቀለሙን ሳይቀር አስመስሎ ይቀባዋል! የሰይጣን ጆሮ ይደፈን፣ ይሄ ሰውዬ ምን የማያደርገው ነገር አለ!

ዓርብ ጎህ ሲቀድ መጣ። የመጋዘኑ በር ገርበብ ብሏል። ዘበኛው ካፖርቱን እንደለበሰ ከመኪናው በስተግራ ተንበርክኮ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቷል። ሁለት እጁ አይታይም፤ ትከሻው ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል።

«እጅ ከፍንጅ ያዝኩህ!»

ዘበኛው ክው አለ። የያዘውን ነገር ካፖርቱ ሥር ሸጉጦ ተነሳና በአጠገቡ አልፎ ወጣ።

ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆሙ።

«መፍቻ ይዞ ብሎኑን ሲፈታ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ባለሜትሩ። መፍቻ አላየም። ግን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«እውነት ነው? እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» አለች ዘበኛውን።

ዘበኛው መጀመሪያ ባለሜትሩን፣ ቀጥሎ እሷን አየ።

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለ።

«የእኔን ድግስ ማበላሸት ነው የቤተሰብ ጉዳይ?»

ዘበኛው ካፖርቱን ሰብሰብ አድርጎ ያዘ።

«ቁልፉን እዚህ አስቀምጥ። ከዛሬ ጀምሮ እንዳላይህ።»

ባለሜትሩ በመስኮት አሻግሮ አየው። ዘበኛው ብስክሌቱን እየገፋ፣ አንገቱን ደፍቶ ከግቢው ወጣ። እሰይ! የእጁን አገኘ።

በዚያ ሁሉ ንትርክ ሣሩ ሳይታጨድ ዋለ። ለነገ ጠዋት አንዴ በደንብ ይታጨዳል። አመሻሽ ላይ ለካ፤ ቀኝና ግራው እኩል ነው። እያፏጨ ቤቱ ሄደ፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ እራት በላ። ሚስቱ ግን ከገበታው አልቀረበችም።

ቅዳሜ ማለዳ አዲሱ ዘበኛ በሩ ላይ ተቀበለው።

«ጋሼ፣ የድሮው ዘበኛ ትናንት ማታ ተመልሶ መጥቶ ይህን ትቶልዎታል» ብሎ በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ሰጠው። «ሣሩን ሳያጭድ ስጠው ብሏል።»

«ለማን ብሎ?»

አዲሱ ዘበኛ አንገቱን አከከ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና… ‹ለበጉ› ነው ያለው።»

«አይ ባለጌ! ተባሮም ስድቡን ጠቅልሎ ይልክልኛል?»

ጥቅሉን ሳይፈታ በብብቱ ይዞ ወደ መጋዘኑ ነጎደ። ዛሬ ማንም አልነካበትም። የተባረረው ዘበኛ ቁልፍ ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ነው፤ ሌላው እሱ ኪስ ውስጥ። በሩን በሰፊው ከፈተው።

መኪናው ወደ ግራ ተንበርክኳል። የግራው የኋላ ጎማ ሙሉ በሙሉ ተንፍሶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ለካ ማታ ማታ የሚለካው ጎማው ጎድሎ ሳለ ኖሯል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ጎማው ቀጥ ብሎ ይጠብቀው ነበር።

ባለሜትሩ ጋዜጣውን ቀደደው፤ የብስክሌት ፓምፕ ነበር።