የጓሮው ገንቦ

ባሏ በጥሩነህ የሐሰት ምስክርነት ታስሮ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ለተዝካሩ ከጣለችው ጠጅ አንድ ገንቦ አስቀረችና አፉን በጭቃ መርጋ ጓሮ ቀበረችው።

«ይሄ የሚጠጣው ጥሩነህ የሞተ ቀን ነው» አለች።

ልጇ ማንጠግቦሽ ስትዳር፣ «እማዬ፣ ጣፋጭነቱ ሳይጠፋ ለሰርጌ እናውጣው» ብላ ለመነቻት።

«ይክረም! ጠጅም ቂምም ሲከርም ነው የሚጠነክረው።»

ጥሩነህ ግን እንደ ወይራ ጠነከረ እንጂ አልሞተም። ቀድማ የሞተችው እሷ ሆነች።

በተዝካሯ ዕለት ጥሩነህ ነጭ ጋቢውን ለብሶ መጣና ከሽማግሌዎቹ መሀል ተቀመጠ። ማንጠግቦሽ ገንቦውን ከጓሮ ስታወጣ ያየቻት አክስቷ ደነገጠች።

«አንቺ! እናትሽ እሱ የሞተ ቀን ነው የሚጠጣው ብላ የለም እንዴ?»

«ብላለች። እኔም ቃሏን አላፈርስም» አለችና ገንቦውን ይዛ ጓዳ ገባች። በሩንም ከውስጥ ዘጋችው።

ስትወጣ መጀመሪያ ለሽማግሌዎቹ አዲሱን ጠጅ ቀዳች። እንደ ወጉ ለእያንዳንዳቸው አስቀድማ በመዳፏ እያንጠባጠበች ቀመሰችላቸው። ከዚያ ገንቦውን አንስታ ጥሩነህ ፊት ቆመች።

«ይሄ የከረመው ነው፣ ጋሼ። እማዬ ለእርስዎ ብላ ያስቀመጠችው።»

«ነፍሷን ይማር!» አለ ጥሩነህ፣ ፊቱ በርቶ። «እንዲህ ታስበኝ ነበር?»

«ቀን ከሌት ነበር የምታስብዎት» አለችው።

ብርሌውን እስከ አፉ ሞላችና፣ ሳትቀምስ ሰጠችው።