እርጥብ ቅጠል

ዝናው ለወንድሙ ለዋለ ቀብር አልደረሰም፤ መሬቱን ለመካፈል ግን ማንም ሳይጠራው መጣ። ጉሙ ከአርዲቦ ሐይቅ ተነስቶ ዳገቱን ስለሸፈነው ስልኩ ላይ ባለው ካርታ እየተመራ ወጣ። መንታው መንገድ ላይ ሲደርስ ካርታው ወደ ቤት የሚወስደው ቀኙ ነው አለው። ቀኙ ላይ ግን እርጥብ የወይራ ቅጠል ተጥሎ ድንጋይ ተጭኖበታል። ዋለ ቀድሞት ሲሄድ፣ ከኋላ የሚመጣው ወንድሙ እንዳይሳሳት የማይኬድበትን መንገድ እንዲህ ነበር የሚዘጋለት።

ለዋለ ሚስት ደወለ።

«የሺሀረግ፣ በቀኙ መንገድ ላይ ቅጠል የጣለው ማነው?»

«ዛሬ ከቤት የወጣ ሰው የለም» አለችው። «ግራው ክፍት ከሆነ ምን ቸገረህ? የሚወስደው ወደ መቃብሩ ነው። ያኔ ያልደረስክ አሁን ድረስ።»

ዝናው ስልኩን ዘግቶ ወደ መጣበት ዞረ። አሁን ረግጦት ባለፈው መንገድ ላይ እርጥብ ቅጠል ተጥሏል፤ ድንጋይም ተጭኖበታል።