በእጅ የተነገረ ስንብት

ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ሰው ማንነቱን የሚያስረሳ መርፌ ይወጋል። ሀብታም ይሁን ድሃ፣ ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ከጻፈ ለማንም አያዳላም ይላሉ። ባሌ ደርቤ ከተወጋ ሦስት ወሩ ነው።

ዛሬ እንድጠይቀው ተፈቀደልኝ። ሚስቱ መሆኔ ብቻ ተነግሮታል፤ ስለ ራሱ ሌላ አንዲት ነገር ካወቀ ግን ወዲያው ይባረራል።

ልጃችን ሲፈን አትሰማም። ቤት ውስጥ የምናወራው በእጃችን ስለሆነ፣ ሳወራ እጄ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጠባቂው አጠገባችን ስለነበር እጆቼን ጭኖቼ ስር ደብቄ ተቀመጥኩ።

«በረደዎት እንዴ?» አለኝ ደርቤ፣ እንደ እንግዳ።

«ትንሽ።»

«ባለቤትዎ ናቸው አሉኝ። ልጅ አለን?»

«መናገር አልችልም።»

«ነገ መስማት የተሳናቸው ልጆች በምልክት ቋንቋ ይማሩ በሚለው አንቀጽ ላይ ድምፅ እንሰጣለን። የኔ ልጅ ከእነሱ አንዱ የመሆኑ ዕድል ኢምንት ነው። ይሰረዝ ባይ ነኝ።»

እጆቼ ሊያወሩ ሲሉ ጭኖቼን ይበልጥ ጫንኩባቸው።

ሰዓቱ ሲያልቅ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለና ሁለት ጣቱን ደረቱ ላይ መታ መታ አደረገ። ጠዋት ጠዋት ከቤት ሲወጣ ለሲፈን «እመለሳለሁ» የሚላት እንደዚያ ነው።

ግራ ገብቶት ጣቶቹን አያቸው።

ጠባቂውም አያቸው።